ፈረስ ልግዛ ወይስ ግልቢያ ልማር?

ሰሞኑን ሦስት ጓደኞቼ በየተራ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፦ «በየሰዓቱ ለግልቢያ ትምህርት ከምገፈግፍ ፈረሱን ገዝቼ ብገላገልስ?» እኔም ፈረስ የገዛሁ ጊዜ ያሰብኩት ይህንኑ ነበር። አሁን መልሴ ግን፦ ተማሩ፣ አትግዙ።

ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ካለ ገበያ ዳማ ፈረስ በ42,000 ብር ገዛሁ። «ገና ስድስት ዓመቱ ነው ጋሼ» አለኝ ሻጩ። ኮርቻውን አውርድና ጀርባውን ልየው ስለው «ላብ ላይ ነው፣ ብርድ ይመታዋል» አለኝ። ለእንስሳ እንዲህ የሚያዝን ሰው ብዬ ልቤ ተነካ! ቤት ወስጄ ሳወርደው ከኮርቻው ሥር መዳፍ የሚያህል ቁስል፣ ደረቱ ላይ ደግሞ የጋሪ ጠፍር ልጦት የበቀለ ነጭ ጠጉር። በሦስተኛው ቀን ማነከስ ጀመረ። የእንስሳት ሐኪሙ ከንፈሩን ገልጦ አየና ሳቀ፤ በወጣት ፈረስ የፊት ጥርስ አናት ላይ የሚታየው ጉድጓድ ጠፍቷል፣ ጥርሶቹም ወደ ፊት አግጥጠዋል። ከ15 ዓመት አያንስም አለኝ። ለገበያው ቀን ማስታገሻ ሳይወጉት አልቀሩም።

አሁን ወደ ብሩ። ፈረስ ብትጋልበውም ባትጋልበውም ይበላል፤ የኛ አገሩ ፈረስ በቀን ስድስት ኪሎ ያህል ድርቆሽ ይፈልጋል። በወር ለድርቆሽ 3,000፣ ለፉርሽካ 1,500፣ ለጋጣ ኪራይ 2,500፣ ለጠባቂው 5,000 እከፍል ነበር። በድምሩ 12,000 ብር። ሥራ እየያዘኝ በወር አምስቴ ብጋልብ ነው፤ አንዱ ግልቢያ 2,400 ብር ወጣብኝ ማለት ነው። ትምህርቱ በሰዓት 900 ነበር፤ በሳምንት ሁለቴ ብትሄድ በወር 7,200። ፈረሱ ቢታመም ደግሞ ሌላ ፈረስ ይሰጡሃል እንጂ ሐኪም ፍለጋ አትሮጥም።

ሐኪሙንና ሰኮና ቆራጩን ገና አልደመርኩም። ሰኮና በየስድስትና ስምንት ሳምንቱ መስተካከል አለበት፤ የሚችል ሰው ማግኘት ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ በጥቃቅን ተናካሽ ዝንቦች የሚተላለፈው የአፍሪካ ፈረስ በሽታ አለ። ማታ ደህና የነበረውን ፈረስ በቀናት ውስጥ ይገድለዋል። ክትባቱ እዚሁ ቢሾፍቱ ይመረታል፤ በየዓመቱ ማስከተብ የባለቤቱ ዕዳ ነው።

የኮርቻው ነገርማ አይወራ። «ንጹሕ ቆዳ» ተብዬ በ14,000 የገዛሁት አንድ ዝናብ ሲመታው እንደ ሽንኩርት ተላጠ፤ በሁለተኛው ወር የእርካቡ ጠፍር ሶምሶማ ላይ እያለሁ ተበጠሰ። የወደቅኩት ድንጋይ ላይ ባለመሆኑ ነው ይህን የምጽፈው።

ትምህርት ቤት የሚባለውም ሁሉ ትምህርት ቤት አይደለም። በገመድ እየጎተቱ አንድ ዙር አዙረው ፎቶ አንስተው የሚያወርዱ አሉ። የመጀመሪያው ቀን ልጓም ማግባት፣ ኮርቻ መጫን፣ ሰኮና ማጽዳት ካላስተማሩህ ብርህን ይዘህ ውጣ። የፈረሶቹንም ጀርባ እይ፤ ቁስል ካለ እዚያ የሚማር ሰው የለም።

የአዊ ልጅ ከሆንክ ግን ምክሬን ተወው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ባለበት፣ ጥር 23 ሲመጣ አገሩ ሁሉ ፈረሱን ሸልሞ በሚወጣበት አካባቢ ልጅ የሚማረው በአባቱ ፈረስ ላይ ነው፤ ድርቆሹም ከደጅ ነው። እኔ የምናገረው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሆኖ ፈረስ ለሚያምረው ነው።

አንድ ዓመት ከተማርክ በኋላ ግዛ ብል እንኳ አስተማሪህን ይዘህ ሂድ፤ ፈረሱን ጠንካራ መሬት ላይ በሶምሶማ ያስኪደው፣ አንተ ጭንቅላቱን እይ። የፊት እግሩን ካመመው ያን እግር በረገጠ ቁጥር ጭንቅላቱን ወደ ላይ ይነቀንቃል።

የኔን ዳማ በስምንተኛው ወር ቁስሉ ሲሽር በ18,000 ሸጥኩት፣ ኮርቻውን መርቄ። ገዢው ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ። ገና ዋጋ ሳይጠይቁኝ ያደረጉት ነገር ቢኖር ኮርቻውን ፈትተው መሬት ማውረድ ነበር።