ወደ ፖርቱጋል ያዛወረን ጉዳይ አስፈጻሚ፦ የሚያዋጣውና የማያዋጣው

እኔና ባለቤቴ ሜሪላንድ ስንኖር ስድስት ዓመት በተከታታይ የመስከረም ዕረፍታችንን ያሳለፍነው በደቡብ ፖርቱጋል፣ በአልጋርቭ በምትገኘው ታቪራ ከተማ ነበር። በጊላዎ ወንዝ ዳር ቡናችንን እየጠጣን፣ በጀልባ ወደ ደሴቲቱ ተሻግረን በአሸዋው ላይ ስንውል፣ «ጡረታ ስንወጣ መኖሪያችን እዚህ ነው» እንባባል ነበር። ጊዜው ሲደርስ ቃላችንን ለመፈጸም አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ድርጅት ይዘን ለሁለታችን 3,200 ዩሮ ከፈልን። ይህን የምጽፈው ተመሳሳይ ሐሳብ ያላቸው ወገኖች ከዚህ ዓይነቱ አገልግሎት የትኛውን ክፍል መግዛት እንደሚገባቸው አስቀድመው እንዲያውቁ ነው።

የሰነድ ሥራቸው እንከን አልነበረውም። ያመለከትነው ዲ7 ለሚባለው፣ ጡረታን የመሰለ ቋሚ ገቢ ላላቸው ሰዎች ለሚሰጠው ቪዛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 ስናመለክት የሚጠየቀው የወር ገቢ ከአገሪቱ ዝቅተኛ ደመወዝ ጋር እኩል፣ ማለትም 820 ዩሮ ሲሆን፣ ለትዳር ጓደኛ የዚያ ግማሽ ይታከልበታል። ድርጅቱ የግብር መለያ ቁጥራችንን በሁለት ሳምንት ውስጥ አወጣልን፤ የባንክ ሒሳብ እዚያው አሜሪካ ሆነን አስከፈተን፤ የኤፍ.ቢ.አይ. የጣት አሻራ ማስረጃችን አፖስቲል የሚባለው ማረጋገጫ ካልተደረገበት ተቀባይነት እንደማይኖረውም በጊዜ ነገረን። ቪዛው የሚያገለግለው ለ4 ወር ብቻ እንደሆነና በዚያ ጊዜ ውስጥ የ2 ዓመት የመኖሪያ ፈቃድ እንደሚጠየቅ ያስረዱን ባልደረባ፣ በቀጠሯችን ዕለት አብረውን ቀርበው አስተርጉመውልናል። ለእኚህ ሴት ትጋት የከፈልነው ገንዘብ አይቆጨኝም።

የሚቆጨኝ ቤት ለማፈላለጉ የከፈልነው ነው። ለማመልከቻው የ12 ወር የኪራይ ውል ስላስፈለገን ድርጅቱ በሐምሌ የተቀረጸ ቪዲዮ ልኮልን በዚያው ፈረምን። ወፍራም ነጭ ግድግዳ፣ የሸክላ ንጣፍ፣ ቀዝቀዝ ያለ ጥላ፤ በዕረፍታችን ከምንከራያቸው ቤቶች አንዱን ይመስል ነበር። በአልጋርቭ ግን ዝናቡ ከብርዱ ጋር አብሮ ይመጣል፤ ያንን ቤት በሙቀት ያስወደደን ሁሉ በታኅሣሥ ጠላታችን ሆነ። ማሞቂያ አልተገጠመለትም፤ ደጁ ፀሐይ ሆኖ ውስጡ ካፖርት ያስለብሳል፤ በጥር ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ያለው ግድግዳ በሻጋታ ጠቆረ። ባለቤቴ ከአሜሪካ ባመጣችው የጤፍ ዱቄት ያቦካችው ሊጥ እንደ ልማዱ በሦስተኛው ቀን ሊደርስ ሲገባው በአምስተኛውም አልደረሰም፤ በመጨረሻ ቡሃቃውን በብርድ ልብስ ጠቅልላ እርጥበት መምጠጫ ማሽኑ አጠገብ አስቀመጠችው። ይህ የእኛ ብቻ ዕጣ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ለ2023 ባወጣው መረጃ መሠረት፣ ቤታቸውን በበቂ ሁኔታ ማሞቅ አቅቷቸው የሚኖሩ ሰዎች ድርሻ ከኅብረቱ አገሮች ሁሉ ከፍተኛ የሆነው በስፔንና በፖርቱጋል ነው፤ በሁለቱም አገሮች ከሕዝቡ 20.8 በመቶ። በዚያው አገር የሚሠራ ድርጅት ይህን ሳያውቅ ይቀራል ብዬ አላምንም፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጽፍልን ኖሮ ምርጫችን ሌላ ይሆን ነበር።

የሰጡን የመረጃ ጥራዝም አልታደሰም ነበር። ከውጭ አገር የሚመጣ ጡረታ በ10 በመቶ ብቻ ግብር እንደሚከፈልበት ይናገራል፤ ያ ሥርዓት ግን ከ2024 ጀምሮ ለአዲስ መጪ ነዋሪዎች ተዘግቷል። ከአሜሪካ ለምንሄድ ጡረተኞች ከዚህም የሚከብደው፣ ሜዲኬር የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን ከአገር ውጭ የሚደረግ ሕክምናን በአብዛኛው የማይሸፍን መሆኑ ሲሆን፣ ስለዚህ አንድም ቃል አልነበረበትም። የፖርቱጋል የመንግሥት ጤና አገልግሎት ለነዋሪ ክፍት ቢሆንም፣ የቤተሰብ ሐኪም ያልተመደበላቸው ነዋሪዎች ከ1.5 ሚሊዮን በላይ በመሆናቸው ተራው ረጅም ነው፤ የግል መድን በጀታችሁ ውስጥ ይግባ።

ስለዚህ ምክሬ የሰነዱን ክፍል ግዙ፣ የቤቱን ክፍል ግን አትግዙ የሚል ነው። ከማመልከታችሁ በፊት በጥር ወር ሁለት ሳምንት ሄዳችሁ ተቀመጡ፤ በዝናብ ቀን ቤቶችን እየዞራችሁ ግድግዳውን በእጃችሁ ዳስሱ፣ ቁም ሣጥኑን ከፍታችሁ አሽትቱ፣ መስኮቱ ድርብ መስታወት እንዳለው ተመልከቱ፤ ውሉንም ራሳችሁ ፈርሙ። እኛ ይህን ያደረግነው የመጀመሪያው ዓመት ውል ሲያልቅ ነው። አሁን ያለንበት አፓርታማ ፊቱ ወደ ደቡብ የዞረ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ፣ ከወንዙም ራቅ ያለ ነው፤ ኪራዩ በወር 90 ዩሮ ቢጨምርም ባለፈው ጥር ሊጡ በሦስተኛው ቀን ደርሷል።