ስሜን ተራራ ላይ በርሜል ይቀመጥ ወይስ ሁሉም ቆሻሻውን ይዞ ይውረድ?

በየመንገዱ በርሜል ይቀመጥ የሚሉት ሰዎች ሀሳብ ይገባኛል፣ ከተማ የለመድነው እሱን ነው፣ ባዶ ሃይላንድ ይዞ የሚሄድ ሰውም በርሜል ሲያይ ወዲያው ይጥላል። ግን ስሜን ላይ ያለውን ግጭ ካምፕን አስቡት፣ መኪና አይገባም፣ በርሜሉ ሲሞላ በበቅሎ ነው የሚወርደው፣ ለዛ ደሞ ሁሌ የሚከፈለው ሰው ያስፈልጋል። እስከዛ ሞልቶ ይፈሳል፣ ንፋሱ ፌስታሉን ገደል ይከተዋል፣ አንዴ ገደል ከገባ ደሞ ማንም አያወጣውም። ቁራውም አለ፣ የምግብ ትራፊ ካገኘ በትኖት ነው የሚሄደው። ጭላዳው ሳር በሊታ ነው፣ ለምንድነው ብስኩት የምናስለምደው?

ይዞ መውረዱ ዲሲፕሊን ይጠይቃል፣ እውነት ነው። ግን በቅሎዎቹ ምግብ ጭነው ወጥተው ሲመለሱ ጭነታቸው ቀሎ ነው፣ አንድ ጆንያ ቆሻሻ ምን ይከብዳቸዋል? ገና መነሻው ደባርቅ ከተማ ላይ እያላችሁ የብስኩቱን ካርቶን አውጥታችሁ ጣሉ፣ ውሃ በጀሪካን ያዙ፣ ግማሹ ቆሻሻ እዛው ቀረ ማለት ነው። የብርቱካን ልጣጭና ሶፍትም ጭምር ይውረድ፣ ብርዱ ላይ ቶሎ አይበሰብስም።

ኔፓል 2014 ላይ ኤቨረስት ተራራ የሚወጣውን እያንዳንዱን ቡድን 4,000 ዶላር አስይዛ እያንዳንዱ ሰው 8 ኪሎ ቆሻሻ ይዞ እንዲወርድ አዛ ነበር። እኛ ጋ ያን ያህል ብር ባይሆንም ትንሽ ማስያዣ ቢኖር ጥሩ ነው።

እኔ ሁለተኛውን ነው የምመርጠው፣ በርሜል መኪና የሚደርስበት ሳንቃበርና ጨነቅ ካምፕ ላይ ብቻ ይሁን፣ እሱም ክዳን ያለው።