የግቢያችን የሕፃናት ማቆያ፦ ከስምንት ወር በኋላ

ልጄን የማስተምርበት ግቢ ውስጥ ያለው የሕፃናት ማቆያ ያስገባኋት የወሊድ ፈቃዴም የዓመት እረፍቴም ሲያልቅ ነው። አራት ወሯ ነበር። አሁን ዓመቷን ደፍናለች።

ሞግዚቶቹ ሦስት ናቸው። ሦስቱንም እወዳቸዋለሁ። ጠዋት ስንደርስ ልጄ እጇን ዘርግታ ወደ ትልቋ ትሄዳለች። ያለብኩት ወተት ስሟ ተለጥፎበት ፍሪጅ ይገባል። ትንሽ ካተኮሳት ወዲያው ይደውሉልኛል። ከቢሮዬ የሦስት ደቂቃ መንገድ ስለሆነ በሁለት ክፍለ ጊዜ መሃል ሮጬ አጠባታለሁ። ክፍሉ ድሮ የዕቃ መጋዘን ስለነበር መስኮቱ አንድ ብቻ ነው፤ ክረምት ላይ ይበርዳል። ሌላ ቅሬታ የለኝም፣ ከሰዓቱ በስተቀር።

ማቆያው 11፡30 ላይ ይዘጋል። ለአስተማሪ ይበቃል። ለኃላፊ ግን አይበቃም።

ባለፈው ጥር የትምህርት ክፍል ኃላፊነት ተሰጠኝ። በጣም ነበር ደስ ያለኝ። የኮሌጁ አካዳሚክ ኮሚሽን የሚሰበሰበው ረቡዕ 9፡30 ነው። ቃለ ጉባኤ ማጽደቅ፣ የውጤት ማስተካከያ፣ እነዚህ ቶሎ ያልቃሉ። ቅጥር፣ የትምህርት ዕድልና በጀት የሚነሱት መጨረሻ ላይ፣ ወደ 12 ሰዓት ገደማ ነው። እኔ ግን ከዚያ በፊት ቦርሳዬን አንስቼ እወጣ ነበር። ክፍሌ የጠየቀው ቅጥር ሁለት ጊዜ እኔ በሌለሁበት ተወሰነ።

ሦስተኛው ስብሰባ ላይ ቆየሁ። ስደርስ ጨልሟል። ትልቋ ሞግዚት ልጄን አዝላ በሩ ላይ ቆማለች። የራሷ ልጆች ቤት ይጠብቋታል። «አይዞሽ የኔ ልጅ» አለችኝ። መናገር አቃተኝ።

በሳምንቱ ኃላፊነቱን መለስኩ። የተተካው ባልደረባዬ ጎበዝ ሰው ነው። እሱም የሁለት ልጆች አባት ነው። «ልጆችህን ማን ያመጣልሃል?» ብሎ የጠየቀው ግን የለም።

ስለ ማቆያ ሰዓት ይህን ያህል ማውራቴ የሚገርመው ይኖራል። ግን ዲን የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ክፍል የመራ ነው፤ ፕሬዚዳንትነትም የሚታሰበው ከዚያ በኋላ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን እንይ። መነሻው የሆነው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከተከፈተበት ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ከሉሲየን ማት እስከ ፕሮፌሰር ጣሰው ወልደሃና፣ በፕሬዚዳንትነት የመሩት ወንዶች ናቸው። የተማረች ሴት ጠፍታ ነው እንዳይባል፣ እነ ፕሮፌሰር የዓለምፀሐይ መኮንን እዚያው ያስተማሩ ናቸው። የእኔ ዓይነቷ ደግሞ ገና የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ትወርዳለች።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ማቆያ እንዲያቋቁሙ በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ አዟል። የእኛም ግቢ አቋቁሟል፤ ይመስገን። ግን የስብሰባውን ሰዓት ያወጡት ሰዎች ከማቆያው ሰዓት ጋር አላስተያዩትም። ስብሰባው ጠዋት 3 ሰዓት ቢሆን ምን ይጎዳል?

ልጅ ያላችሁ ባልደረቦቼ፣ አምናችሁ አስገቡ። ለሞግዚቶቹ ከአምስት አምስት እሰጣለሁ፤ ለሰዓቱ ሁለት። ረቡዕ ረቡዕ እስከ ምሽቱ 1፡30 ክፍት እንዲሆን፣ ለሞግዚቶቹም የትርፍ ሰዓት እንዲከፈል የሚጠይቅ ደብዳቤ ሰኞ አስገብተናል። አሥራ አንድ እናቶች ፈርመናል። ሁለት አባቶችም ፈርመዋል።