ወርዚንግተን ወይስ ሱ ፎልስ? የሠራተኛ ቤተሰብ ኪስና የሁለት ስቴት ምክር ቤቶች

«ጋሼ፣ ሳውዝ ዳኮታ ታክስ የለም አሉ። ብንሻገር አይሻለንም?»

ይሄ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣብኛል። ጠያቂዎቹ ባብዛኛው ደቡብ ምዕራብ ሚኒሶታ፣ ወርዚንግተን፣ የአሳማ ሥጋ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠሩ ናቸው። ዓይናቸውን የጣሉት አንድ ሰዓት ያህል በመኪና በምትርቀው በሳውዝ ዳኮታዋ ሱ ፎልስ ላይ ነው። እዚያም ትልቅ የአሳማ ፋብሪካ አለ። በ2020 ኮቪድ ሲገባ የፌዴራል ጤና ባለሙያዎች የሱ ፎልሱን ፋብሪካ አይተው ነበር። ሠራተኛው በብዛት ከሚናገራቸው አሥር ቋንቋዎች መካከል አማርኛ፣ ትግርኛና ኦሮምኛ ሦስቱም ነበሩበት። እኛ የማንቀምሰውን አሳማ እየቆረጥን ነው ልጅ የምናሳድገው። ምን ይደረግ።

ሥራው ያው ነው። ብርዱም ያው ነው። ሀይዌይ 90ም አንድ ነው። የሚለየው መሃል ላይ ያለው የስቴት ድንበር ነው። ሰዉ ስለ ዋሽንግተን ፖለቲካ ሲከራከር ያመሻል። ኪሱን በየሳምንቱ የሚነኩት ግን የስቴት ምክር ቤቶች ናቸው፤ የሚኒሶታው ሴንት ፖል፣ የሳውዝ ዳኮታው ፒር ላይ ይቀመጣል። ለእነዚህ ምክር ቤቶች የሚወዳደር ሰው በርህን ሲያንኳኳ ምን እንደሚሸጥልህ ካላወቅህ ትሸወዳለህ። ስለዚህ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ልያቸው።

ታክሱ

«ሳውዝ ዳኮታ ታክስ የለም» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። የገቢ ግብር የለም፤ እሱ ልክ ነው። የአስቤዛ ታክስ ግን አለ። ዱቄት፣ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ወተት ስትገዛ ስቴቱ 4.2 ከመቶ ይወስዳል። ሱ ፎልስ ከተማ ደግሞ 2 ትጨምራለች። ድምሩ 6.2 ነው። (አዲስ አበባ ላይ «ግሮሰሪ» ስትል ሰው ቢራ ያስባል፤ እዚህ ግሮሰሪ ማለት አስቤዛ ነው፣ የሚታክሱህም በሽንኩርትህ ነው።) በ2024 ይሄን የምግብ ታክስ ለማስቀረት ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ ወደቀ። የስቴቱ ታክስ በ2023 ከ4.5 ሲቀነስም እስከ 2027 አጋማሽ ተብሎ ነው።

ሚኒሶታ በተቃራኒው ነው። ምግብና ልብስ ላይ የሽያጭ ታክስ የለም። የገቢ ግብሩ ግን ከ5.35 ከመቶ ይጀምርና ለሀብታም እስከ 9.85 ይደርሳል።

እንግዲህ ወረቀት አውጥተን እንቁጠር። ባልና ሚስት፣ ሁለት ትንንሽ ልጆች፣ በዓመት 60 ሺህ ዶላር። በ2024 ሕግ የሚኒሶታ ግብራቸው ወደ 1,100 ዶላር ይመጣል። ግን ሚኒሶታ ከ2023 ጀምሮ ለአንድ ልጅ እስከ 1,750 ዶላር የሚመልስ የልጅ ክሬዲት አላት። ገቢ ሲጨምር ይቀንሳል። ለእነዚህ ሰዎች 700 አካባቢ ይቀራል። ስለዚህ ከኪሳቸው የሚወጣው 400 ገደማ ነው። አሁን ሱ ፎልስ ውሰዳቸው። ለአስቤዛ በወር 800 ዶላር ቢያወጡ፣ የምግብ ታክሱ ብቻ በዓመት 595 ነው።

አየህ? «ታክስ የለም» የተባለበት አገር ይበልጥ ከፈሉ።

አሁን ደግሞ ወንደላጤውን እንይ። ልጅ የለውም፣ ኦቨርታይም እየሠራ 50 ሺህ ያገኛል፣ በየወሩ ለእናቱ ይልካል። ሚኒሶታ ላይ ግብሩ ወደ 1,900 ዶላር ነው። ሱ ፎልስ ቢኖርና በወር የ350 ዶላር ምግብ ቢበላ፣ ታክሱ 260 ብቻ። ለእሱ ሳውዝ ዳኮታ በግልጽ ይሻላል። ማንም ምክንያት ደርድሮ ይሄን ሊያስተባብል አይችልም።

«የገቢ ግብር እቀንሳለሁ» ብሎ የሚመጣ ተወዳዳሪ ማንን እንደሚጠቅም ከዚህ ይታያል። እሱን «የልጅ ክሬዲቱንስ ትነካዋለህ?» በለው። ፒር ለመግባት የሚወዳደረውን ደግሞ «ከአስቤዛዬ ላይ መቼ ትወርዳለህ?»

ልጅ ያለው ሰው

ሚኒሶታ ውስጥ ከ2023 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ቁርስና ምሳ ለሁሉም ተማሪ ነጻ ነው። የገቢ ፎርም የለም፣ የተቀዳደደ የክፍያ ማስታወሻ በቦርሳ አይመጣም። ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ በገቢ የሚወሰነውና ፎርም የሚሞላበት የፌዴራሉ አሠራር ነው ያለው። ኦቨርታይም ስትገባ ገቢህ ከጣሪያው ትንሽ ያልፍና ልጅህ ከፋይ ይሆናል።

ኮሌጅ ሲደርስ ልዩነቱ ይጠብባል። ሚኒሶታ ከ2024 መኸር ጀምሮ ገቢው ከ80 ሺህ በታች ለሆነ ቤተሰብ በመንግሥት ኮሌጆች የትምህርት ክፍያውን ትሸፍናለች። ወርዚንግተን ላይ ያለው ሚኒሶታ ዌስት ኮሌጅም ይገባበታል። ልጅህ ከቤት እየተመላለሰ መማር ይችላል። ሳውዝ ዳኮታ ደግሞ ቢልድ ዳኮታ የሚባል ስኮላርሺፕ አላት። የቴክኒክ ኮሌጅ ወጪ ይሸፍናል፤ በምላሹ ተመራቂው እዚያው ስቴት በሙያው ሦስት ዓመት እንዲሠራ ይጠበቃል። ብየዳ ወይም የመኪና ጥገና ለሚወድ ልጅ እኔ ይሄን አልንቅም። እንዲያውም ከተመረቀ በኋላ ሥራ ፈልጎ ከመንከራተት የሚሻል ይመስለኛል።

ስለ ገጠር ትምህርት ቤት አንድ ነገር ልንገርህ፤ የስቴት ተመራጭ ምን ሊያደርግ እንደሚችል በደንብ የሚያሳይ ነው። የወርዚንግተን ትምህርት ቤቶች በስደተኛ ልጆች ሞልተው ተጣበው ነበር። ለአዲስ ግንባታ ብድር ይፈቀድ ተብሎ ለሕዝብ ድምፅ ሲቀርብ አምስት ጊዜ ወደቀ። የብዙዎቹ አራሾች ቅሬታ የመሬት ግብር ነበር። መሬት ሰፊ ነው፤ ሸክሙ እነሱ ላይ ይወድቃል። ሴንት ፖል ያለው ምክር ቤት በ2017 መፍትሔ አመጣ። አራሹ ለትምህርት ቤት ብድር ከሚከፍለው የመሬት ግብር 40 ከመቶውን ስቴቱ እንዲሸፍን ወሰነ። በ2019 ደግሞ በደረጃ እስከ 70 ከመቶ እንዲያድግ ተደረገ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወርዚንግተን ላይ ድምፁ በጠባብ ልዩነት አለፈ። ሕጉ ብቻውን አሳለፈው አልልም። ግን አራሹንና የፋብሪካውን ሠራተኛ ከማጋጨት ይልቅ ያስታረቀ ሕግ ነበር። ተወዳዳሪ «ለገጠር እቆማለሁ» ሲልህ እንዲህ ያለ ነገር አሳየኝ በለው።

ወሊድ፣ ሕመም፣ ሐኪም

እዚህ ላይ ሁለቱ ስቴቶች የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

ሚኒሶታ ውስጥ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ደመወዝ የሚተካ የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ አለ። ስትታመም እስከ 12 ሳምንት፣ ቤተሰብ ለማስታመም ወይም ከአራስ ልጅ ጋር ለመሆን እስከ 12፣ ተደምሮ በዓመት እስከ 20 ሳምንት። ነጻ አይደለም። ከደመወዝ 0.88 ከመቶ ይከፈልበታል፤ ከዚያ ከሠራተኛው የሚቆረጠው ከግማሹ አይበልጥም። 60 ሺህ ለሚያገኝ ቤተሰብ በዓመት እስከ 264 ዶላር ማለት ነው። ሌላም አለ፤ ከ2024 ጀምሮ በሠራህ በየ30 ሰዓቱ አንድ ሰዓት የሕመም ፈቃድ ታጠራቅማለህ፣ በዓመት እስከ 48 ሰዓት። ሳውዝ ዳኮታ የግል ቀጣሪዎችን ለሁለቱም አታስገድድም። ያገኘኸው ኩባንያህ ከሰጠህ ወይም ዩኒየንህ ከተደራደረልህ ነው። ላይን፣ ማለትም የፋብሪካው የሥጋ መቁረጫ መስመር፣ ላይ ቆሞ ቢላ ሲያወናጭፍ ለሚውል ሰው፣ ትከሻ አንድ ቀን እምቢ ይላልና ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። በአራስነቷ በሁለተኛው ሳምንት ወደ ላይን የተመለሰች እህት አውቃለሁ። አሁንም ስታወራው ትቆጣለች።

ተቃዋሚዎቹ የሚሉትም መሰማት አለበት። አምስት ሠራተኛ ያለው ትንሽ ሱቅ አንዷ 20 ሳምንት ስትቀር ማንን ይተካል? ገጠር ላይ ተተኪ ማግኘት እውነትም ከባድ ነው። ሕጉን «አሻሽላለሁ» የሚል ተወዳዳሪ ሁሉ ጠላትህ አይደለም። ግን ሳምንቱን ነው የሚቀንሰው፣ ወይስ ትንንሽ ሱቆችን ነው የሚያግዘው? ለይተህ ጠይቅ።

ሜዲኬይድን፣ ገቢው ዝቅ ላለ ሰው የሚሰጠውን የመንግሥት የጤና መድን፣ ሁለቱም አስፋፍተዋል። ሚኒሶታ ቀደም ብላ በምክር ቤቷ፣ ሳውዝ ዳኮታ በ2022 በሕዝብ ድምፅ፤ ሥራ ላይ የዋለው በጁላይ 2023 ነው። ከሜዲኬይድ ጣሪያ ትንሽ ለሚያልፍ ሰው ሚኒሶታ ውስጥ ሚኒሶታኬር የሚባል የስቴቱ የጤና መድን አለ። ሆኖም አንድ ጊዜ የተሰጠ ሁሉ ይኖራል ብለህ አትተኛ። ሚኒሶታኬር በ2025 መጀመሪያ የኢሚግሬሽን ወረቀት ለሌላቸው ሰዎችም ተከፍቶ ነበር። በዚያው ዓመት ምክር ቤቱ ለአዋቂዎቹ እንዲዘጋ ወሰነ። በታችኛው ምክር ቤት ድምፁ 68 ለ65 ነበር።

ደመወዝ ላይ ደግሞ የሚያስገርም ነገር አለ። ብዙ ሰው ሚኒሶታ ይበልጣል ብሎ ያስባል። የ2026 ዝቅተኛ ክፍያ ግን ሚኒሶታ 11.41፣ ሳውዝ ዳኮታ 11.85 ነው። ፋብሪካው ከሁለቱም በላይ ስለሚከፍል ጉዳዩ የሆቴልና የነዳጅ ማደያ ሠራተኛን ነው የሚነካው። መንጃ ፈቃድ ሌላው ነው። ሚኒሶታ ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ የኢሚግሬሽን ወረቀት ሳትጠይቅ ትሰጣለች፤ ሳውዝ ዳኮታ ትጠይቃለች። አውቶቡስ በሌለበት ገጠር ለአንዳንዱ ቤተሰብ ከታክሱ ሁሉ ይሄ ይበልጣል። ሥጋ ፋብሪካ ላይ ደግሞ ሚኒሶታ ከ2007 ጀምሮ መብትህ በራስህ ቋንቋ እንዲነገርህ የሚያዝ ሕግ አላት። በእንግሊዝኛ ብቻ ፈርም ካሉህ አስታውሳቸው።

ተወዳዳሪውን ማን ይሰማዋል

አሁን ዋናው። የፒርና የሴንት ፖል ፖለቲካ አሠራሩ ራሱ ይለያያል።

ሚኒሶታ ውስጥ ሕዝብ ፊርማ አሰባስቦ ሕግ ማውጣት አይችልም። ሁሉም በተመራጮች በኩል ነው። በሁለቱ ፓርቲዎች መካከል ያለው ልዩነትም ፀጉር ያህል ነው። በ2023 እነዚያ ሁሉ ሕጎች የወጡት ሴኔቱ 34 ለ33 በነበረበት ነው። በ2024 ምርጫ ታችኛው ምክር ቤት 67 ለ67 እኩል ወጣ። አንድ የገጠር ወንበር ሚዛኑን ያዞረዋል። ስለዚህ እዚያ ተወዳዳሪውን በስም፣ በጉዳይ፣ በቁጥር ያዘው።

ሳውዝ ዳኮታ ላይ ከ2024 በኋላ ከ105 ወንበር 96ቱ የሪፐብሊካን ነው። የኖቬምበሩ ፉክክር በብዙ ቦታ አልቆ ነው የሚጠብቅህ። እውነተኛው ምርጫ በጁን የሚደረገው የፓርቲ ማጣሪያ ነው፤ በሪፐብሊካን ማጣሪያ ለመምረጥ ደግሞ ሪፐብሊካን ሆነህ መመዝገብ አለብህ። ቀልድ አይደለም። በ2024 በእርሻ መሬት ላይ ሊዘረጋ በታሰበ የካርቦን ቱቦ የተቆጡ ገበሬዎች፣ በዚያ ማጣሪያ ከተሸነፉት ከደርዘን በላይ ተቀማጭ ተመራጮች ብዙዎቹን አባረዋል።

ሌላው የሳውዝ ዳኮታ በር የሕዝብ ድምፅ ነው። ሕዝብ ራሱ ሕግ እንዲያወጣ በመፍቀድ በአሜሪካ የመጀመሪያዋ ናት፣ በ1898። ዝቅተኛው ደመወዝ በ2014 ከፍ ያለው በዚህ ነው፤ ሜዲኬይድም እንዲሁ። ተመራጮቹ አይደሉም የሰጡት። እንዲያውም በ2015 ከ18 ዓመት በታች ላሉት ዝቅ ያለ ደመወዝ ሲያወጡ፣ ሕዝቡ በ2016 በድምፁ ሻረው። ምክር ቤቱ በ2025 ደግሞ የፌዴራሉ መንግሥት የወጪ ድርሻ ከ90 ከመቶ ከወረደ ሜዲኬይድ ማስፋፋቱ ይቁም የሚል ሐሳብ ለኖቬምበር 2026 ለድምፅ መርቷል። እዚያ ለሚወዳደር ሰው ጥያቄዬ አንድ ነው፤ «እኛ የወሰንነውን ትተወዋለህ?»

ታዲያ የቱ ይሻላል? ልጅ ላለውና ሊወልድ ላሰበ ወርዚንግተን። ልጅ ለሌለው፣ ጉልበት ላለው፣ ብር ለመቆጠብ ለመጣ ሱ ፎልስ። ከጠያቂዎቼ መካከል ልጆች ላሏቸው ባልና ሚስት «ቆዩ» አልኳቸው። ለባልየው ታናሽ ወንድም «ሂድ» አልኩት።

እሱ ግን ብልጠት አምሮት «ሳውዝ ዳኮታ ልኑርና ወርዚንግተን ልሥራ፤ ከግብሩም አመልጣለሁ፣ የቆየ ሥራዬም አይቀርብኝም» አለኝ። አይሆንም። ሚኒሶታ የምትተወው የሚሺጋንንና የኖርዝ ዳኮታን ነዋሪ ደመወዝ ብቻ ነው። የሳውዝ ዳኮታ ነዋሪ ወርዚንግተን ከሠራ ለሚኒሶታ ይከፍላል። ማታ ቤቱ ሲገባ ደግሞ ለሽንኩርቱ ለሳውዝ ዳኮታ ይከፍላል። የሕመም ፈቃዱን ያገኛል፣ እሱ ሥራው ካለበት ጋር ይሄዳል። ድምፁ ግን ቤቱ ካለበት ጋር ነው። ግብሩን የሚወስነው የወርዚንግተን ተወዳዳሪ ፋብሪካው በር ላይ ቆሞ ወረቀት ሲያድል፣ ይሄ ልጅ መራጩ እንዳልሆነ ካወቀ አጠገቡ ላለው ነው የሚሰጠው።