የማይሞቅ ላፕቶፕ ለምን እንደማይሞቅ ሳታውቁ አትክፈሉ

ያገለገለ ላፕቶፕ ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን ሲስተም) ተጭኖበት «ድምፅ የለውም፣ አይሞቅም» ተብሎ ሲቀርብላችሁ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ማቀዝቀዣው የተበላሸ ላፕቶፕ ሳይጠገን ጤነኛ መስሎ እንዲታይ ማድረግ በጣም ቀላል ነው፤ ፕሮሰሰሩን (ስሌቱን የሚሠራውን ዋና ቺፕ) ማዘግየት ብቻ ይበቃል። ማሽኑ ፊታችሁ ይበራል፣ ሁለት ሦስት የብሮውዘር ገጽ ይከፈታል፣ የታችኛው ክዳን እጅ አያቃጥልም፣ ፋኑም አይሰማም። ቤት ገብቶ ከባድ ሥራ ሲሰጠው ግን ይንቀራፈፋል። ገዢው የተቀመጠውን የፍጥነት ገደብ አግኝቶ ሲያነሳው ደግሞ ወደ 100 ዲግሪ ይወጣና ወይ መልሶ ይዘገያል፣ ወይ ሥራ መሃል ድርግም ብሎ ይጠፋል።

ዘዴው የሚሠራው ፕሮሰሰር የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል ስለማይሄድ ነው። ፍጥነቱ ከፍ እንዲል ቮልቴጁም ከፍ ማለት አለበት፤ ኃይሉ ደግሞ በቮልቴጁ ስኩዌር ነው የሚያድገው። ስለዚህ ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀነስ ሙቀቱ ከግማሽ በላይ ይቀንሳል። ኢንቴል ኮር አይ5-8250ዩን ለምሳሌ እንውሰድ፦ 4 ኮር (የስሌት ክፍል)፣ 8 ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሄድ ሥራ)፣ መነሻ ፍጥነቱ 1.6 ጊጋኸርዝ፣ በተርቦ (ከመነሻው በላይ በሚፈጥንበት ሁኔታ) እስከ 3.4 ጊጋኸርዝ፣ የተነደፈበት ኃይል 15 ዋት። ተርቦው ከተዘጋ ከመነሻው ፍጥነት ብዙም አያልፍም፤ እዚያ ላይ በአቧራ የታፈነ ማቀዝቀዣም ሊችለው ይችላል። ሻጩ ግን ማስታወቂያው ላይ የሚጽፈው 3.4ን ነው።

እናም «ስንት ዲግሪ ነው?» ብቻውን ምንም የማይነግር ጥያቄ ነው። ሙቀት፣ ፍጥነትና ዋት አንድ ላይ መታየት አለባቸው። ትሬዶቹ ሁሉ ተጠምደው በ70 ዲግሪ 2.5 ጊጋኸርዝ የሚሄድ ማሽን ጤነኛ ነው። በዚያው ጭነት 60 ዲግሪ ላይ 1.2 ጊጋኸርዝ የሚያሳየው ግን አንድ ነገር አንቆ ይዞታል። በተቃራኒው ቀጭን ላፕቶፕ በሙሉ ጭነት 90 ዲግሪ ስለደረሰ ብቻ ተበላሽቷል አይባልም፤ ብዙዎቹ የኢንቴል የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች በሙቀት ምክንያት ራሳቸውን ማዘግየት የሚጀምሩት 100 ዲግሪ አካባቢ ነው።

ገደቡ የሚቀመጥባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው፤ አብዛኞቹን ያለ ሩት (የአስተዳዳሪ) መብት ማንበብ ይቻላል። (ትዕዛዞቹንና ፋይሎቹን እንደሚነበቡ ጽፌያቸዋለሁ፤ ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ በላቲን ፊደል ነው የሚገቡት።) /ሲስ/ዲቫይሰስ/ሲስተም/ሲፒዩ ሥር ግቡ። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ ኢንቴል_ፒስቴት የሚል ማህደር ታገኛላችሁ። በውስጡ ኖ_ተርቦ የሚለውን ፋይል ካት በሚለው ትዕዛዝ አንብቡት፤ 1 ካለ ተርቦው ተዘግቷል፣ 0 ካለ ክፍት ነው። አጠገቡ ያለው ማክስ_ፐርፍ_ፒሲቲ 100 ማለት አለበት፤ ማሽኑ ሥራ ፈት ሆኖ 50 ወይም 60 ካሳየ ሰው ወይም ፕሮግራም ዝቅ አድርጎታል። ቀጥሎ ሲፒዩ0 ውስጥ ሲፒዩፍሬክ የሚለው ማህደር አለ። እዚያ ስኬሊንግ_ማክስ_ፍሬክን ከሲፒዩኢንፎ_ማክስ_ፍሬክ ጋር አስተያዩ። ቁጥሮቹ በኪሎኸርዝ ናቸው፤ አንዱ 3400000 ሌላው 1600000 ከሆነ ገደቡ እዚሁ ነው። በኤኤምዲ ማሽን ላይ ቡስት የሚል ፋይል ካለ 0 መሆኑ መዘጋቱን ይናገራል።

የኃይል ገደቡ ለብቻው ነው የሚታየው። /ሲስ/ክላስ/ፓወርካፕ ሥር ኢንቴል-ራፕል:0 ውስጥ ኮንስትሬይንት_0_ፓወር_ሊሚት_ዩደብሊው በማይክሮዋት ይቀመጣል፤ 15000000 ማለት 15 ዋት ነው። ቻርጀር ተሰክቶ እያለ የ15 ዋት ፕሮሰሰር ላይ 7000000 ካነበባችሁ ማብራሪያ ጠይቁ። በመጨረሻም /ፕሮክ/ሲኤምዲላይንን ክፈቱ፤ ማክስሲፒዩስ=2 የሚል ነገር ካለ ከኮሮቹ ከፊሉ ሲነሳ ጀምሮ ተዘግተዋል ማለት ነው። ኤልኤስሲፒዩ የሚለው ትዕዛዝም ስንት ትሬድ ክፍት እንደሆነ ያሳያል።

ገደብ ማግኘት ብቻውን ማጭበርበር አለ ማለት እንዳልሆነ መናገር ተገቢ ነው። ባትሪ ለመቆጠብ ወይም ፋኑን ለማሳረፍ ሲሉ በቲኤልፒ ወይም በፓወር-ፕሮፋይልስ-ዴመን (ኃይል በሚቆጣጠሩ ፕሮግራሞች) በቅንነት የሚገድቡ ብዙዎች ናቸው። ቅንነቱ የሚፈተነው ገደቡ ተነስቶ ማሽኑ ሲሠራ ነው። «አንሱት እንየው» ሲባል የሚያንገራግር ሻጭ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ከሻጩ ሲስተም ጋር ግን አትታገሉ። የራሳችሁን ላይቭ ዩኤስቢ (ሳይጫን ከፍላሽ የሚነሳ ሊኑክስ) ይዛችሁ ሂዱ፤ ሙቀት የሚያነበው ኤልኤም-ሴንሰርስና ፕሮሰሰሩን የሚያስጨንቀው ስትረስ-ኤንጂ ቀድመው የተጫኑበት፣ ለውጥ የሚያስቀምጥ ቢሆን ይመረጣል። መጀመሪያ ባዮስ (ሲስተሙ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ቅንብር) ውስጥ ገብታችሁ ሁሉንም ወደ ፋብሪካ ቅንብር መልሱ፣ ምክንያቱም ተርቦ እዚያም ሊዘጋ ይችላል። እዚያ ሲዘጋ ኖ_ተርቦ 1 ብሎ ይቀራል፤ ሩት ሆናችሁ 0 ልትጽፉበት ብትሞክሩም አይቀበልም። ባዮሱ በይለፍ ቃል ተቆልፎ ሻጩ «አላውቀውም» ካለ ሙቀቱን መለካት ሳያስፈልግ መግዛቱን ተዉት። ማሽኑ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ይሁን፣ ቻርጀሩም የራሱ ይሁን። አንዳንድ ላፕቶፖች የማያውቁት ወይም ዋቱ ያነሰ ቻርጀር ሲሰካባቸው ፕሮሰሰሩን በጣም ያዘገያሉ፤ ያን ጊዜ የምትለኩት ቻርጀሩን እንጂ ማቀዝቀዣውን አይሆንም።

አንድ ተርሚናል ላይ ዋች ሴንሰርስ፣ ሌላው ላይ ስትረስ-ኤንጂ --ሲፒዩ 0 --ታይምአውት 15ኤም አስነሱ። ዜሮው ሁሉንም ትሬድ ጥመድ ማለት ነው። ስትረስ-ኤንጂ ከሌለ የስ የሚለውን ትዕዛዝ ወደ /ዴቭ/ነል እየላካችሁ ኤንፕሮክ የሚነግራችሁን ቁጥር ያህል ከጀርባ ማስነሳት ይበቃል። ሦስቱን ቁጥር ጎን ለጎን የሚያሳየው ግን ተርቦስታት የሚባለው ፕሮግራም ነው፤ ሩት ይፈልጋል፣ ቢዚ_ሜጋኸርዝ (ፍጥነት)፣ ፒኬጂቴምፕ (ሙቀት) እና ፒኬጂዋት (ዋት) የሚሉትን ዓምዶች ተከታተሉ።

15 ደቂቃ የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። ኢንቴል መጀመሪያ ላይ ለአጭር ጊዜ፣ በብዙ ማሽኖች 28 ሰከንድ ያህል፣ ከተነደፈበት ዋት በላይ እንዲበላ ይፈቅዳል። ከዚያ ወደ ዘላቂው ገደብ ይወርዳል። የመዳቡና የብረቱ አካል በሙቀት እስኪጠግብ ደግሞ ሌላ ጥቂት ደቂቃ ይሄዳል። ሻጭ «ይኸው ፈተንኩት» ብሎ የሚያሳያችሁ የአንድ ደቂቃ ሙከራ ከዚህ ሁሉ በፊት ያልቃል።

በ15ኛው ደቂቃ ፍጥነቱ ከመነሻው በላይ ሆኖ ዋቱም ለፕሮሰሰሩ ከተጻፈው ጋር ከተቀራረበ ማቀዝቀዣው ሥራውን እየሠራ ነው። ሙቀቱ ከ97 በላይ ሆኖ ፍጥነቱ ከመነሻው በታች ከወረደ ማቀዝቀዣው አልቻለም። ሙቀቱ 50 ወይም 60 ሆኖ ፍጥነቱ 400 ወይም 800 ሜጋኸርዝ ላይ ከተቸነከረ ከማዘርቦርዱ ወደ ፕሮሰሰሩ «ዘግይ» የሚል ምልክት እየገባ ሊሆን ይችላል፤ የተበላሸ ሴንሰር ወይም ያልታወቀ ቻርጀር ይህን ያደርጋል። ኢንቴል ላይ ሲፒዩ0 ሥር ቴርማል_ትሮትል ውስጥ ኮር_ትሮትል_ካውንት የሚል፣ ፕሮሰሰሩ በሙቀት ምክንያት ስንት ጊዜ እንደዘገየ የሚቆጥር ቆጣሪ አለ፤ ከሙከራው በፊትና በኋላ ያለውን ቁጥር መዝግቡ። ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ከዜሮ ስለሚጀምር አሁን በርቶ ዜሮ ማሳየቱ ስላለፈው ምንም አይመሰክርም።

አሁን ዋናው ነገር፣ የሙቀቱ ቁጥር እንዴት ከፍ እንደሚል ነው። ጭነቱ በገባ በሁለት ሦስት ሰከንድ ከ45 ወደ 98 ከዘለለ፣ ጭነቱ ሲቆም ደግሞ ወዲያው 60 ከወረደ፣ ሙቀቱ ከቺፑ ወደ ሂት ሲንኩ (ሙቀቱን ወደሚበትነው ብረት) እየተሻገረ አይደለም፦ በመካከላቸው የሚቀባው ቴርማል ፔስት ደርቋል፣ ብሎኖቹ ላልተዋል፣ ወይም ሂት ፓይፑ ሞቷል። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ውስጥ ቀስ እያለ ከወጣና ጭነቱ ሲቆምም ቀስ ብሎ ከወረደ፣ ሙቀቱ ብረቱ ላይ ደርሷል ነገር ግን አየር እየወሰደው አይደለም፦ አቧራ ወይም ፋን ነው።

ይህን በእጃችሁ ማረጋገጥ ትችላላችሁ። ፕሮሰሰሩ 98 እያለ ፋኑ በኃይል እየነፋ የሚወጣው አየር ቀዝቃዛ ከሆነ የቺፑና የሂት ሲንኩ ግንኙነት ተቋርጧል። አየሩ ትኩስ ሆኖ ደካማ ከሆነ መውጫው ታፍኗል ወይም ፋኑ ደክሟል። ትኩስም ብርቱም ከሆነ ማቀዝቀዣው ጤነኛ ነው። ሴንሰርስ ፋኑን የሚያሳይ ማሽን ላይ 80 ዲግሪ እያለ 0 አርፒኤም (በደቂቃ ዜሮ ዙር) ካነበባችሁ «ድምፅ የለውም» የተባለው ፋን ሞቷል ወይም ተነቅሏል። ሁሉም ላፕቶፕ የፋኑን ፍጥነት ለሊኑክስ አይገልጥም፤ ቁጥሩ ጭራሽ ከሌለ ጆሮና እጃችሁን ተጠቀሙ።

ሂት ፓይፑን ለይቼ ማንሳት የፈለግኩት ገዢዎች በብዛት የሚጎዱት እዚህ ስለሆነ ነው። አየር የወጣለት የመዳብ ቱቦ ሲሆን ውስጡ ጥቂት ውሃ አለ። ውሃው ሙቁ ጫፍ ላይ ይተናል፣ ቀዝቃዛው ጫፍ ላይ ተመልሶ ይጤዛል፣ ሙቀት የሚጓዘው በዚህ ነው። ሲከፈት የተጣመመ ወይም ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ያገኘ ቱቦ አየር ይስብና ተራ የመዳብ ቱቦ ሆኖ ይቀራል። ዓይን አያየውም፤ ፔስት ቢቀየር፣ አቧራ ቢጠረግ ለውጥ የለም፤ መድኃኒቱ ሙሉውን የማቀዝቀዣ ክፍል መለወጥ ብቻ ነው። ሻጭ «ፔስት አስቀይሩት፣ ይስተካከላል» ሲል እውነት ከሆነ ራሱ ቀይሮ ፊታችሁ 15 ደቂቃ ያስፈትነው።

ሌላው ተደጋግሞ የሚሰማው «ሊኑክስ ስለሆነ ነው የሚሞቀው» የሚለው ነው። ሊኑክስ ላይ በእርግጥ የሚያሞቁ ነገሮች አሉ፦ ተጨማሪው የኒቪዲያ ግራፊክስ ሳይተኛ መቅረቱ፣ ብሮውዘሩ ቪዲዮ በግራፊክሱ ፋንታ በፕሮሰሰሩ መፍታቱ፣ ከጀርባ ፋይሎችን ለፍለጋ የሚመዘግብ ፕሮግራም አንድ ኮር ይዞ መቅረቱ። እነዚህ ግን ማሽኑ ሥራ ፈት ሲሆን ወይም ቀላል ሥራ ላይ ሲሆን ነው የሚያሞቁት፣ የፕሮሰሰሩን ሥራ በሚያሳየው ኤችቶፕ ወይም የግራፊክሱን በሚያሳየው ኒቪዲያ-ኤስኤምአይም ይታያሉ። የ15 ዋት ሙቀት ማስወጣት ያቃተውን ማቀዝቀዣ የትኛውም ሲስተም አያድነውም። ከታች የሚደረግ ማራገቢያ በስጦታ ሲጨመርላችሁም አትደሰቱ፤ የተዘጋው ከውስጥ፣ በፋኑና በሂት ሲንኩ ቅጠሎች መካከል ነው።

አቧራ፣ ደረቅ ፔስትና ያረጀ ፋን ለመደራደሪያ የሚሆኑ ጉድለቶች ናቸው፤ በመፍቻ የሚፈቱ ነገሮች ናቸውና አትሸሹ። ስትሠሩ ግን አየር ከውጭ ብቻ አትንፉ፣ የተጋገረውን አቧራ ወደ ውስጥ ይመልሰዋል፤ ክዳኑን ከፍታችሁ፣ የፋኑን ክንፎች በጣት ይዛችሁ አጽዱ። አሮጌውን ፔስት ከ90 በመቶ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ጥረጉ፣ የቺፑን ገጽ ሙሉ በሙሉ በስስ ሸፍኑት፣ ብሎኖቹን ሂት ሲንኩ ላይ በታተመው ቁጥር ቅደም ተከተል ጥቂት በጥቂት አጥብቁ። ማህደረ ትውስታውና የኃይል ክፍሉ ላይ ያሉት ለስላሳ ፓዶች ከተቀደዱ በዚያው ውፍረት ተኩ፤ 0.5 ሚሊሜትር የነበረበት ላይ 1 ሚሊሜትር ከገባ ሂት ሲንኩ ከቺፑ ይነሳል። «ሊኩዊድ ሜታል አድርገንበታል» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ተጠንቀቁ፤ ጋሊየም ያለበት ስለሆነ አልሙኒየም ይበላል፣ ኤሌክትሪክም ስለሚያስተላልፍ ጠብታ ከፈሰሰ ቦርዱን ያቃጥላል።

የታችኛው ክዳን ወይም ታችፓዱ (በጣት የሚነካው የማውስ ቦታ) ከተነፋ ባትሪው አብጧል፤ ሙከራውን አትጀምሩት። የግራፊክስ ቺፑ «በሙቀት ተጋግሮ ተጠግኗል» የተባለ ማሽንም እንዲሁ ይቅርባችሁ፤ ያ ጥገና ብዙ ጊዜ አይቆይም።

ገዝታችሁ ከሆነና የመመለሻ ጊዜው ካላለፈ ክዳኑን አትክፈቱ፤ የተከፈተ ማሽን ለሻጩ ማምለጫ ይሆናል። የጆርናልሲቲኤል -ኬን (የሲስተሙን መዝገብ የሚያሳየውን ትዕዛዝ) ውጤት፣ ከውስጡም «ከልክ በላይ ሙቀት፣ ፍጥነት ተቀነሰ» የሚሉትን መስመሮች፣ እንዲሁም የ15 ደቂቃውን የተርቦስታት ቁጥር ወደ ፋይል አውጡ። በላይቭ ዩኤስቢ ድገሙትና ሁለቱን ይዛችሁ ሂዱ፤ ያኔ «የጫናችሁት ፕሮግራም ነው» ለሚለው ክርክር ቦታ አይኖርም።