ለዘይት ፓምፕና ለታይሚንግ ቼን ጥገና ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት

ይህን የምጽፈው በደብረ ብርሃንና በአካባቢዋ የመስክ መኪና ለምታሽከረክሩ፣ በተለይም የጣርማበርን ዳገት አዘውትራችሁ ለምትወጡና ለምትወርዱ ሰዎች ነው። በኅዳር ወር 2017 ዓ.ም. የመኪናዬን ዘይት ፓምፕና ታይሚንግ ቼን (የሞተሩን ሰንሰለት) ለማስቀየር 86 ሺህ ብር ከፈልኩ፤ ሁለት ወር ሳይሞላ ደግሞ ያንኑ ሥራ በሌላ ጋራዥ እንደ አዲስ ለማሠራት 131 ሺህ ብር አወጣሁ። ሁለተኛው ወጪ ፈጽሞ ሊቀር ይችል የነበረ በመሆኑ እስከ ዛሬ ያስቆጨኛል።

ነገሩ የጀመረው ጠዋት ጠዋት በሚሰማ ድምፅ ነው። የደብረ ብርሃን ውርጭ ለሰውም ለሞተርም ከባድ መሆኑን ሁላችንም ስለምናውቅ፣ መኪናዋ ስትነሣ ለሁለትና ለሦስት ሰከንድ ከሞተሩ የፊት ክፍል የሚመጣውን መንኳኳት በብርዱ አመካኝቼ ዝም አልኩት። አንድ ቀን ግን ሸዋ ሮቢት ወርጄ በቀትር ሙቀት ሞተሩን ሳላጠፋ ቆሜ ሳለሁ ቀዩ የዘይት መብራት ብልጭ ድርግም ይል ጀመር፤ ነዳጅ ስሰጥ ይጠፋል፣ እግሬን ሳነሣ ይመለሳል። የዘይቱን ልክ ባየው ሙሉ ነው። ብዙ አሽከርካሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ያ መብራት የሚያመለክተው የዘይቱን ግፊት እንጂ መጠኑን አይደለም። ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል፤ ያረጀ ፓምፕ ደግሞ የቀጠነውን ዘይት ገፍቶ በቂ ግፊት መፍጠር ይሳነዋል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ከ1,400 ሜትር በላይ የከፍታ ልዩነት ስላለ፣ ደጋው ላይ በብርድ የተሸፈነው ጉድለት ቆላ ሲወረድ ይገለጣል። በዚያች ሰዓት ሞተሩን አጥፍቼ መኪናዋን ማስጎተት ነበረብኝ፤ እኔ ግን ያንን ሁሉ ዳገት በራሷ አስወጣኋት።

ፓምፑና ሰንሰለቱ ለምን አብረው እንደሚታዩ ማወቅ ያስፈልጋል፤ እኔን ያታለለኝ ሰው የተጠቀመው ይህን አለማወቄን ነውና። ታይሚንግ ቼን ኮሎውን (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዋና ዘንግ) ቫልቮቹን ከሚከፍተው ዘንግ ከካምሻፍቱ ጋር አስተሳስሮ ቫልቮቹ በትክክለኛው ቅጽበት እንዲከፈቱና እንዲዘጉ ያደርጋል። በብዙ ሞተሮች ሰንሰለቱን ወጥሮ የሚይዘው ቴንሽነር የሚሠራው በዘይት ግፊት ነው። ፓምፑ ሲደክም ቴንሽነሩ ይላላል፤ የላላው ሰንሰለት የሚንሸራተትባቸውን የፕላስቲክ ጋይዶች እየመታ ይሰባብራል፤ ስብርባሪው ከሞተሩ ሥር ወዳለው የዘይት ማጠራቀሚያ፣ ወደ ኮፓው ወርዶ ፓምፑ ዘይት የሚስብበትን ወንፊት ይደፍናል፤ ፓምፑም ይብሱን ዘይት ያጣል። ሰንሰለቱ ጥርስ ከዘለለ ደግሞ በብዙ ሞተሮች ፒስተኑ ከቫልቩ ጋር ይጋጭና የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ቴስታታው ሳይቀር ይበላሻል። ስለዚህ ከእነዚህ ዕቃዎች አንዱን ቀይሮ ሌላውን መተው ሥራውን በግማሽ እንደ መተው ነው።

የሄድኩበት ጋራዥ ባለቤት ለፓምፑ 27 ሺህ፣ ለሰንሰለቱ «ሙሉ ኪት» (ሰንሰለቱ ከነአጃቢ ዕቃዎቹ) 34 ሺህ፣ ለእጅ 25 ሺህ ብር ጠየቀኝ። አዲስ ካርቶን አውጥቶ «ጋሼ፣ ይዩት፤ ኦርጅናል ነው» አለኝ፤ ቀጥሎም ደረሰኝ የማልፈልግ ከሆነ የ15 በመቶውን ቫት እንደማያስከፍለኝ ነገረኝ። እኔም ተስማማሁ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ አሠራሩ ከተለወጠ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ ምን ያህል እንደ ናረ የምታውቁት ነው፤ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከታገደም በኋላ ያለችንን መኪና ጠግኖ ከመያዝ ውጭ ብዙ ምርጫ የለንም። እንዲህ ያለው ጭንቀት ቅናሽ ያስመኛል፤ ቅናሹን ያቀረበልኝም ሰው ይህን አሳምሮ ያውቀዋል።

1,900 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዝኩ መብራቱ ተመለሰ። መኪናዋን አዲስ አበባ ወዳለ ሌላ ጋራዥ አስጭኜ ወሰድኳት። ባለሙያው ምንም ሳይፈታ በፊት የግፊት መለኪያ ገጥሞ፣ ሞተሩ ሞቆ ነዳጅ ሳይሰጠው ግፊቱ እጅግ ዝቅ ብሎ ከ0.3 ባር ብዙም እንደማያልፍ አሳየኝ። ኮፓው ሲወርድ ወንፊቱ በደረቀ የሲሊኮን (የማሸጊያ ሙጫ) ቁርጥራጭና በአሮጌ ፕላስቲክ ስባሪ ተደፍኖ ተገኘ። የመጀመሪያው መካኒክ ኮፓውን ሲገጥም ሲሊኮኑን ያለ ልክ ቀብቶት ስለነበር ትርፉ ወደ ውስጥ ገብቶ ተቆርጧል፤ የቀደመውም ስባሪ አልታጠበም። ሰንሰለቱ አዲስ ነበር፤ ቴንሽነሩ፣ ጋይዶቹና ሰንሰለቱ የሚዞርባቸው ጥርሶች ግን የቀድሞዎቹ ናቸው። ፓምፑ ታጥቦ የተመለሰ አሮጌ እንደሆነ ባለሙያው ነግሮኛል፤ አሮጌውን ዕቃ ተቀብዬ ስላልነበር ይህን በማስረጃ ማሳየት አልቻልኩም። ከዚህም በላይ የመኪናዋ መመሪያ 5ደብሊው30 የተባለ ቀጭን ዘይት የሚያዝለትን ሞተር 20ደብሊው50 በተባለ ወፍራም ዘይት ሞልተውታል። ወፍራም ዘይት ድምፁን ለጊዜው ይቀንሳል፣ ግፊቱንም ከፍ ያለ ያስመስላል፤ በውርጭ ጠዋት ግን ወደ ሰንሰለቱ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። በዚህ ሁሉ መካከል ብሮንዚናዎቹ (ኮሎው የሚዞርባቸው ተሸካሚዎች) ተበልተው ስለነበር እነሱም ተቀየሩ።

አቤቱታ ለማቅረብ ስነሣ በእጄ ምንም ወረቀት አልነበረም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴው ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ ዕቃው ወይም አገልግሎቱ ጉድለት ካለበትም ሸማቹ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። እኔ ጊዜውንም አሳልፌአለሁ፣ ደረሰኙንም በገዛ ፈቃዴ ትቻለሁ። ከ86 ሺህ ብር ላይ 15 በመቶው 12,900 ብር ነው፤ መብቴን የለወጥኩት በዚህ ነው።

እንዲህ ያለ ሥራ የምታሠሩ ከሆነ፣ ምንም ከመፈታቱ በፊት ግፊቱ በመለኪያ ተለክቶ ቁጥሩ ይጻፍላችሁ። «ሙሉ ኪት» የሚለውን ቃል አትቀበሉ፤ ፓምፕ፣ ሰንሰለት፣ ቴንሽነር፣ ጋይዶች፣ ጥርሶች፣ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ)ና የዘይት ፊልትሮ (ማጣሪያ) እያንዳንዳቸው በስማቸውና በዋጋቸው ተጽፈው ፊርማ ይደረግበት። የወለቀው ዕቃ ሁሉ በዚያው ቀን ይሰጣችሁ፤ ይህን የማይፈቅድ ጋራዥ ካጋጠማችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ። ሥራ ፈትታችሁም ቢሆን ኮፓው ከመዘጋቱ በፊት ተገኝታችሁ ወንፊቱ መታጠቡን በዓይናችሁ እዩ፤ ከሁሉ በላይ ያዳነኝ የነበረው ይህ ነው። ሞተሩ ከተነሣ በኋላም ደግማችሁ አስለኩ፤ ግፊቱ መለካት ያለበት ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ነው፣ በብርድ የሚገኘው ቁጥር ያታልላልና። ያገለገለ መኪና የምትገዙ ደግሞ በጠዋት ሳትጠበቁ ሂዱ፤ ሻጩ ቀድሞ ሞተሩን አሙቆት ከቆያችሁ ያ የሁለት ሰከንድ ድምፅ አይሰማም።

የተደፈነውን ወንፊት፣ አሮጌውን ቴንሽነርና የተሰባበሩትን ጋይዶች በካርቶን አድርጌ ቤቴ አስቀምጫለሁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ይህንኑ ሥራ ለማሠራት ያሰበ ሰው በዓይኑ ማየት ከፈለገ በደስታ አሳየዋለሁ።