የአቤል ጋንስ «ናፖሊዮን» ብሉሬይ፦ ፎርጅዱን ሳትለዩ እንዳትከፍሉ

የፈረንሳዊውን ዳይሬክተር የአቤል ጋንስን ድምፅ አልባ ፊልም፣ የ1927ቱን (እ.ኤ.አ.) «ናፖሊዮን» የምትፈልጉ ሰብሳቢዎች፣ «ሙሉ የታደሰ ቅጂ» ተብሎ በአንድ ዲስክ የሚሸጥ ካያችሁ እለፉት። የፊልም ታሪክ ተመራማሪው ኬቪን ብራውንሎ የተበታተነውን ፊልም ለዓመታት እየለቀመ ያደሰው፣ የብሪታንያ ፊልም ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2016 በብሉሬይ ያወጣው ቅጂ 3 ዲስክ ነው፤ ርዝመቱ 5 ሰዓት ከ32 ደቂቃ። ይህ ሁሉ 25 ጊጋባይት በሚይዝ አንድ ዲስክ ላይ ሲታጨቅ መጀመሪያ የሚጎዳው በፊልሙ መክፈቻ ላይ ያለው የበረዶ ኳስ ውጊያ ነው፤ ምስሉ በፍጥነት ስለሚቀያየር በትንንሽ አራት ማዕዘን ይሰባበራል።

ርዝመቱ 4 ሰዓት ገደማ ከሆነ ደግሞ ሌላ ቅጂ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ውስጥ የታየው አጭሩ ቅጂ በሴኮንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ነው የሚሄደው፤ የብራውንሎ ግን በአብዛኛው 20 ነው። ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ በ20 ፍሬም 100 ደቂቃ የሚፈጀው ክፍል በ24 ወደ 83 ደቂቃ ይወርዳል፣ ሰዉም ያለቅጥ ይጣደፋል።

ሻጩን ሁለት ፎቶ ጠይቁት። አንዱ የዲስኩ ጀርባ ነው። ፋብሪካ ያተመው ብርማ ነው፣ ቀዳዳው ዙሪያም ቁጥርና ባርኮድ ተቀርጾበታል። በርን የተደረገው፣ ማለትም በኮምፒውተር ባዶ ዲስክ ላይ የተቀዳው፣ ብዙ ጊዜ ጠቆር ወይም ቡናማ ይላል፤ ዳታው ካልሞላውም ያበቃበት ቦታ እንደ ቀለበት ይታያል። ሁለተኛው ፎቶ ከፊልሙ የመጨረሻ 20 ደቂቃ ይሁን፤ እዚያ ላይ ሦስት ምስሎች ጎን ለጎን መዘርጋት አለባቸው። መሃሉ ብቻ ከታየ፣ የጋንስን ትልቁን ፈጠራ ቆርጠው ጥለውታል ማለት ነው።

«በየትኛውም ማጫወቻ ይሠራል» የሚለው ማስታወቂያም ያጠራጥር። ብሉሬይ ዓለምን በዞን ከፍሎ ዲስኩ የሚከፈትበትን ይወስናል፤ የ2016ቱ ዲስክ ለዞን ቢ የተቆለፈ ነው፤ በርን የተደረገ ዲስክ ግን ብዙውን ጊዜ ቁልፍ የለውም። ኢትዮጵያ፣ አብዛኛው አውሮፓ፣ እስራኤልና የባሕረ ሰላጤው አገሮች ዞን ቢ ስለሆኑ ችግር የለም። አሜሪካ ያላችሁ ግን የዞን ኤ ማጫወቻ ኦሪጅናሉን አይከፍትላችሁም፤ ሁሉንም ዞን የሚያነብ ማጫወቻ ያስፈልጋችኋል።

ዲስኩ እጃችሁ ከገባ፣ ማሸጊያውን ከምትከፍቱበት ጊዜ ጀምሮ ቪዲዮ ቅረጹ። ከዚያ ሰው እጁን ሲያወዛውዝ ፊልሙን አቁሙት፤ የእጁ ጠርዝ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ከተሰነጣጠቀ ምንጩ የድሮ ዲቪዲ ሳይሆን አይቀርም። ኮምፒውተር ላይም የዲስኩን ዓይነት እዩ፤ «ቢዲ-ሮም» (ፋብሪካ ያተመው) መሆን ሲገባው «ቢዲ-አር» (በርን የሚደረገው) ካለ፣ የመመለሻ ቀኑ ሳያልፍ ከነቪዲዮው አመልክቱ።